ትንፋሽ ያጠረው ትራክተር

የአገራችን ዜና ትራክተር ሲመጣ እንጂ ትራክተር ሲሞት አይዘግብም። ርክክብ ሲኖር ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ባለሥልጣኑ መሪውን ጨብጦ ፎቶ ይነሣል። ቀጥሎ ቁጥር ይነገረናል፤ «ይህን ያህል ትራክተር ገባ!» እኛም «እሰይ!» ብለን ወደ ማኪያቷችን እንመለሳለን። ከአምስት ዓመት በኋላ ከነዚያ ትራክተሮች ስንቱ እያረሰ፣ ስንቱ ደግሞ ከመጋዘን ጀርባ ሣር በቅሎበት እንደቆመ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው።

እናም ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ትራክተር አሟሟት ነው። «እናንተ የአስፋልት ልጆች፣ ትራክተር ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ እንጀራው የሚያገባንን ያህል ያገባናል። ደግሞም የትራክተሩ ታሪክ የአገሪቱ ታሪክ ቁራጭ ነው። ሦስት መንግሥታት ትራክተርን የሥልጣኔ ምልክት አድርገው አምጥተውታል። ሦስቱም ስንት እንደገባ ቆጥረዋል። ስንቱ እንደሚተነፍስ ግን አልለኩም።

ነገሩን ከቡታጅራ እንጀምር።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በስተምዕራብ የዘቢዳር ተራራ ከነደመናው ተደግፎ ይታያል። እዚያ ደጋው ላይ እንሰት በእጅ ይኮተኮታል፤ ትራክተር የሚገባበት ቦታ የለም። በስተምሥራቅ ግን መሬቱ እየተለጠጠ፣ በበርበሬው ስሙ የወጣውን የማረቆን አገር እያለፈ፣ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። እዚህ ሜዳ ላይ በሬ ያርሳል፤ አቅም ያለው ደግሞ ትራክተር ተከራይቶ ያሳርሳል።

እዚህም ይሁን አርሲ ወይም ባሌ፣ ያረጀ ትራክተር ማታ የት እንደሚቆም ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙውን ጊዜ ተዳፋት ላይ ነው። ሹፌሩ ቦታውን የመረጠው ለጥላው ብሎ አይደለም። ጧት ሞተሪኖው ብቻውን እንደማያስነሣለት አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ፍሬኑን ይለቃል፣ ማርሽ አስገብቶ ቁልቁል ያንደረድረዋል፣ ፍሪሲዮኑን ድንገት ሲለቀው ሞተሩ እየሳለ ይነሣል። ተዳፋት ከሌለ ሌላ ትራክተር ይለመንና ይጎትተዋል።

ይህ በሽታ ስም አለው። መካኒኮች «ኮምፕሬሽን የለውም» ይላሉ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት «እመቃ» ይሉታል። እኛ ለዛሬው «ትንፋሽ» እንበለው።

አንድ ሊትር ከሩብ አየር በአንድ ሲኒ

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ እሳቱን ከብልጭታ ያገኛል። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። እሳቱን የሚያገኘው አየርን አፍኖ በመጭመቅ ብቻ ነው። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ እጃችሁ ላይ እንደሚሞቅ አስታውሱ፤ ምሥጢሩ እሱው ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ለዚህ አሳብ እ.አ.አ. በ1893 የፈጠራ ባለቤትነት አገኘበት፤ በ1897 ደግሞ አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ በወጉ የሚሠራ ሞተር አሳየበት።

ለምሳሌ በአገራችን እርሻዎች ብዙ የለፋውን የሚንስኩን ቤላሩስ ትራክተር እንውሰድ። እ.አ.አ. ከ1974 ጀምሮ በብዛት የተመረተው ኤምቴዜድ-80 የተባለው ዓይነት ዲ-240 የሚባል ባለ 4 ሲሊንደር፣ 80 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለው። የሲሊንደሩ ስፋት 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ 125 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል፤ እመቃው 16 ለ 1 ነው። ሒሳቡን ስንሠራው አንድ ሲሊንደር የያዘው አንድ ሊትር ከሩብ ገደማ አየር ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ 80 ሚሊ ሊትር በማትሞላ ቦታ ውስጥ ይታጨቃል። አንድ ሊትር ከሩብ አየር በአንድ የቡና ሲኒ ማለት ነው! እንዲህ የታፈነ አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ይበልጣል። ልክ በዚያች ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጨዋል፤ ክብሪት ሳይጫር ይነዳል።

አሁን ሲኒው ተሰነጠቀ እንበል። አየሩ የሚያመልጥባቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው በፒስተኑ ዙሪያ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «ፋሻ» የሚባሉት ቀለበቶች ወይም ፒስተኑ የሚመላለስበት ላይነር ሲበላ አየሩ ወደ ታች ይሾልካል። ሁለተኛው በቫልቮቹ ነው፤ በደንብ ካልገጠሙ አየሩ ወደ ማርሚታው ወይም ወደ አየር ማስገቢያው ያመልጣል። ሦስተኛው በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ነው፤ እሱ ከተቃጠለ አየሩ ወደ ጎረቤት ሲሊንደር ወይም ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይገባል።

አየሩ ሲያመልጥ ግፊቱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ይቀንሳል፤ ናፍጣው ይረጫል እንጂ አይነድም። ጧት ትራክተሩ ነጭ ጭስ እያንቧለለ አልነሣ የሚለው ለዚህ ነው። ተዳፋቱ የሚረዳውም ለዚሁ ነው፤ ሞተሩ ፈጥኖ ሲዞር አየሩ ለማምለጥ ጊዜ ያጣል። የሹፌሩ ዘዴ እውቀት ነው ማለት ነው። ግን መድኃኒት አይደለም፤ የታመመ ሰው ምርኩዝ እንደመያዝ ነው።

የጋራዥ አማርኛ

አንድ ነገር ልብ አላችሁ? ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ እያልን ነው የመጣነው። በዚህ ላይ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ሳልዳቱራ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ ጨምሩበት። ሁሉም የጣሊያንኛ ዘር ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን፣ ከዚያ በፊትና በኋላም በአስመራ ጋራዦች በኩል ገብተው የእኛ ሆነዋል። ቃላቱን ያስተማረ ትምህርት ቤት አልነበረም። ረዳት ሆኖ የገባ ልጅ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ሲባል እየሰማ፣ ሲሳሳትም ኩርኩም እየቀመሰ የተማራቸው ናቸው።

በአንጻሩ የበሬውን እርሻ ተመልከቱ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ። ስማቸውም እጀታቸውም የራሳችን ነው። ሞፈር ሲሰበር ገበሬው ጫካ ገብቶ ሌላ ይቆርጣል፤ ማረሻው ሲዶለዱም ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ ያስስለዋል። ጥገናው ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ትራክተሩ ሲመጣ ግን መሣሪያው ብቻ መጣ። እቅዱ በእንግሊዝኛ ታሰበና «ሜካናይዜሽን» ተባለ፤ ጥገናው በጣሊያንኛ ቃላት ጋራዥ ውስጥ ቀረ፤ ገበሬው ደግሞ በራሱ ቋንቋ «ይኼ ነገር ምን ነካው?» እያለ ዳር ቆሞ አየ። ሦስቱ የተነጋገሩበት ቀን ጥቂት ነው።

ትራክተሩና ጭሰኛው

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዘመናዊ እርሻ የተስፋፋው በአዋሽ ሸለቆ በሸንኮራና በጥጥ፣ በሁመራ በሰሊጥ፣ ቀጥሎም በሻሸመኔና በአርሲ በስንዴና በበቆሎ ነበር። ትራክተር ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቀደ። ይህ ባለ መሬቱን «ጭሰኛ ምን ያደርግልኛል?» ወደሚል ስሌት አስገባው።

የዚህ ታሪክ መራራ ምሳሌ ጭላሎ ነው። እ.አ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ ካዱ፣ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ፤ ብድር ሰጠ፤ በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻ ሳይቀር ሞከረ። ስንዴው ሰመረ። ስንዴው ሲሰምር ግን መሬቱ ዋጋ አወጣ፤ ባለ መሬቶች ትራክተር ገዝተው ወይም ለባለ ትራክተር አከራይተው ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ ማፈናቀል ያዙ። ለድኻው የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃው ለባለጸጋው ሆነ። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. አደባባይ ይዘውት የወጡት «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ለካቲት 1966 ሲቃረብ እየበረታ የሄደው ከመጽሐፍ ብቻ ተቀድቶ አልነበረም፤ የትራክተሩ ድምፅም አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ነገር እንበል። ባለቤት የነበረው ትራክተር ቢያንስ ይጠገን ነበር። ባለ መሬቱ ገንዘቡን ያወጣበት ነውና ማሲ ፈርጉሰኑ ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ሲጀምር መካኒክ ይጠራል። ግፉ ሌላ ነገር ነው፤ ሞተሩ ግን ጠያቂ ነበረው።

ሁሉም ሰው የእኔ ያላለው ሞተር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኛው ነጻ ወጣ፤ ይህ ማንም የማይክደው ትልቅ ነገር ነው። ትላልቆቹ ዘመናዊ እርሻዎች ግን ለገበሬው አልተከፋፈሉም፤ የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ደርግ በአርሲና በባሌ፣ በአዋሽ፣ በወለጋ፣ በጎጃም አሰፋቸው። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ትንሹን ክፍል ይዘው ከግብርናው በጀትና ከማዳበሪያው ትልቁን ድርሻ ይወስዱ ነበር።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። አካላቱ በሳጥን ይመጣሉ፣ ናዝሬት ላይ ይገጣጠማሉ፣ ቀለም ተቀብተው ይወጣሉ። ትራክተር የምትሠራ አገር ሆንን ተባለ።

ችግሩ ወዲህ ነው። ትራክተር መገጣጠም አንድ ነገር ነው፤ ትራክተር በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ካረሰ በኋላ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ፋሻ፣ ላይነር፣ ጓርኒሲዮን፣ የአየር ማጣሪያ፤ እነዚህ ሪባን አይቆረጥላቸውም። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዙትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ትራክተር ፈትቶ ሌላውን መጠገን ልማድ ሆነ። አንዱ ለሁለት ይሰዋል፤ ቀጥሎ ሁለቱ ለአንዱ። በመጨረሻ ግቢው የብረት መቃብር ይሆናል።

ሹፌሩስ? ደመወዙ ትራክተሩ ቢነሣም ባይነሣም ያው ነው። የአየር ማጣሪያውን ዘይት ዛሬ ባይቀይር ማንም አይጠይቀውም፤ ሞተሩ የሚታመመው ደግሞ ከርሞ ነው፤ ያኔ እሱ ወደ ሌላ እርሻ ተዛውሯል። «የሁሉም» የተባለው ትራክተር የማንም ሳይሆን ቀረ። የሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጥበታል ይላሉ አባቶች፤ የመንግሥት ደጅ ደግሞ ፋሻ ይበላበታል።

ከ1983 ወዲህ

ደርግ ሲወድቅ የመንግሥት እርሻዎች ብዙዎቹ ተዳከሙ፤ ቀስ በቀስም ወደ ግል ዞሩ። አዲሱ መንግሥት ግብርና መር ኢንዱስትሪ ሲል ያሰበው በዋናነት የገበሬውን ጉልበትና በሬውን፣ ከነሱ ጋር ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን ነበር። ትራክተር ለብዙ ዓመታት ከወሬ ጠፋ። ግን ከሜዳ አልጠፋም። ያረጁት ማሲ ፈርጉሰኖችና ቤላሩሶች በግለሰብ እጅ እየገቡ በሄክታር እየታሰበ ማረስ ቀጠሉ። አያት የሆነ ትራክተር የልጅ ልጁን መሬት ያርሳል እንደማለት ነው።

ከዚያ ትራክተር እንደገና ፋሽን ሆነ። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም የምናውቀው ሜቴክ፣ ሲቋቋም የናዝሬቱ ፋብሪካ በሥሩ ገባ፤ ስሙም የአዳማ የእርሻ መሣሪያዎች ኢንዱስትሪ ተባለ። እንደገና በገፍ ተገጣጠመ፤ እንደገና ቁጥር ተነገረ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሜቴክ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ አገሩ ሁሉ ያወራው ስለ ገንዘቡ ነበር። የተበተኑት ትራክተሮች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ግን የቡና ወሬ እንኳ አልሆነም። እ.አ.አ. በ2019 ደግሞ የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ልክ እንደ ንጉሡ ዘመን። ጥሩ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ዛሬም ቁጭ ብሏል፤ ትንፋሻቸውን ማን ይለካል?

ቡታጅራ ላይ ሲለካ

ወደ ቡታጅራ እንመለስ፤ ምክንያቱም ይህ አገር ለናፍጣ ሞተር ሁለት ፈተና አዘጋጅቶለታል።

የመጀመሪያው አቧራው ነው። ቡታጅራና ስልጤ አካባቢው የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ከከተማዋ ብዙም የማይርቀው የሐረ ሸይጣን ሐይቅ ራሱ የፍንዳታ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው በወረድን ቁጥር አፈሩ አመድና ደቃቅ አሸዋ ይበዛዋል። በበጋ ሲታረስ የሚነሣው አቧራ እንደ ሞረድ ነው። ማጣሪያው ከዘነጋ በአየሩ በኩል ይገባና በፋሻውና በላይነሩ መካከል ሆኖ ሁለቱንም ይሞርዳል። የድሮዎቹ ትራክተሮች የአየር ማጣሪያቸው ከሥሩ ዘይት ያለበት ጎድጓዳ ዕቃ ነው፤ አቧራው እዚያ ዘይት ላይ ይቀራል። ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ማጣሪያ የለም ማለት ነው። አቧራ በበዛበት ወቅት በየቀኑ ከፍቶ ማየት፣ ሲቆሽሽ ዕቃውን በናፍጣ አጥቦ ዘይቱን እስከ ምልክቱ መሙላት፤ ይህ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ብዙ ሺህ ብር የሚፈጅ ጥገና የሚጀምረው ይህችን ግማሽ ሰዓት ከመቆጠብ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከፍታው ነው፤ ይኼኛው ደግሞ የሚያሳስተው መካኒኩን ነው። ቡታጅራ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ ሲጀመር የሚውጠው አየር ከሳሳ፣ ጨምቆ የሚያገኘውም ግፊት በዚያው ልክ ያንሳል። የፋብሪካው መጽሐፍ «28 ባር» ቢል ቁጥሩ ለባሕር ወለል ነው፤ ያው ጤነኛ ሞተር ቡታጅራ ላይ 22 ባር ገደማ ያሳያል። ወደ 1,640 ሜትር ወርዶ ዝዋይ ላይ ቢለካ ደግሞ አንድ ባር ያህል ይጨምራል። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ሰው ይህን ጤነኛ ሞተር «አልቆለታል» ብሎ ያወርደዋል። ባለቤቱም ያላረጀ ፋሻ በአዲስ ያስቀይራል። ሰውም በውጭ አገር መለኪያ ሲለካ እንዲህ ነው፤ ግን እሱን ለሌላ ቀን።

ታዲያ እንዴት ይለካል? በመጀመሪያ ባትሪው ይሞላ፤ ሞተሪኖው በዝግታ ካዞረ መለኪያው ይዋሻል። ሞተሩ ይሙቅ። የቫልቮቹ ክፍተት ይታይ፤ ክፍተት ያጣ ቫልቭ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ትንፋሽ ያለ ምንም ስብራት በዚያ ያልቃል። ከዚያ የናፍጣው መስመር ተዘግቶ፣ ኢንጀክተሮቹ ወጥተው፣ በአንዱ ቀዳዳ የናፍጣ ሞተር ኮምፕሬሽን መለኪያ ይገጠማል፤ የቤንዚኑ መለኪያ ይህን ግፊት አይችለውም። ሞተሪኖው ጥቂት ዙር ያዞረዋል፤ ቁጥሩ ይጻፋል። አራቱም ሲሊንደር በተራ እንዲሁ።

ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሚናገረው የአራቱ ስምምነት ነው። አራቱ ተቀራራቢ ከሆኑና ለከፍታው የሚገባውን ያህል ካሳዩ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ በሽታውን ከናፍጣ ፖምፓው ወይም ከኢንጀክተሩ ፈልጉ። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ታማሚው እሱ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ነው።

ከዚያ የዘይቱ ፈተና ይመጣል። በታመመው ሲሊንደር ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ ይደረግና እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ በፋሻው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖታል ማለት ነው፤ ያረጀው ፋሻው ወይም ላይነሩ ነው። ንቅንቅ ካላለ አየሩ የሚያመልጠው በቫልቭ ወይም በጓርኒሲዮን ነው። ግን ማንኪያዋን አትርሱ። ቦታው አንድ ሲኒ ብቻ መሆኑን ተናግረናል፤ ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም። እጁ የላላ ሰው ሞተር ሲመረምር ሞተር ሊሰብር ይችላል።

መድኃኒቱም እንደ በሽታው ነው። ቫልቭ ከሆነ ቴስታታው ብቻ ይወርዳል፤ ቫልቩና መቀመጫው ተፋጭተው እንዲገጥሙ ይደረጋል፣ ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ይተካል፣ ብሎኖቹም በቅደም ተከተልና በተባለው ኃይል ይጠብቃሉ። ፋሻና ላይነር ከሆነ ሥራው ይከብዳል። ቢሆንም የቤላሩሱ ላይነር ከሞተሩ አካል ተነቅሎ የሚወጣ፣ ውሃው በቀጥታ በጀርባው የሚዞርበት ዓይነት ነው። ትልቅ ማሽን ሳያስፈልግ ጎበዝ መካኒክ ነቅሎ አዲስ ይተክላል፤ ከሥሩ ያሉት የጎማ ቀለበቶች በደንብ ካልተቀመጡ ግን ውሃው ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በተበላ ላይነር ላይ አዲስ ፋሻ ብቻ መጣል አዲስ የወይን ጠጅ ባረጀ አቁማዳ ነው፤ ክረምቱን አይሻገርም።

እንግዲህ ፍርዱን ከእናንተ ጋር እንስጥ። «ሞቷል» ከተባለ ትራክተር ውስጥ ባትሪ፣ የቫልቭ ክፍተት፣ ጓርኒሲዮን ወይም አንድ ስብስብ ፋሻና ላይነር ብቻ የጎደለው የለም ትላላችሁ? ከናካቴው የተሰበረና ትንፋሽ ያጠረው በመለኪያ ካልተለዩ በስተቀር ሁለቱም እኩል ሣር ይበቅልባቸዋል።

ከመንገዱ የምንማረው

ቡታጅራ ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ በደጇ አላት። በላይዋ የሚያልፈው መንገድ ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ገንዘብ አዋጡ። ይህንን ማኅበር ፈቃዱ ገዳሙ እ.አ.አ. በ1972 ለዶክትሬት ጥናቱ መርምሮታል። መርካቶ ከሱቁ ሳንቲም ለይቶ ያዋጣ ነጋዴ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገሩ ሲገባ አንድ ጥያቄ በአፉ ይዞ ነው፤ «ገንዘቤ የት ደረሰ?» መንገዱ ጠያቂ ነበረው። ጠያቂ ያለው ሥራ ደግሞ ቢዘገይ እንኳ አይጣልም።

ትራክተሮቻችን ያጡት ይህንን ጠያቂ ነው። በንጉሡ ዘመን ጠያቂያቸው ጭሰኛውን የሚያባርር ባለ መሬት ነበር። በደርግ ጊዜ ጠያቂያቸው ሪፖርት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠያቂያቸው ካሜራ ሆነ። ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ አሮጌ ቤላሩስ ተንከባክቦ የሚያከራይ ሰው ሞተሩን የሚያዳምጠው የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ጭስ ማውጫ ስለሚወጣ ነው። መንግሥት ያላገኘው ምሥጢር ይኸው ነው። ትራክተሩ የማንም ይሁን የማን፣ ትንፋሹ ሲያጥር ራቱ የሚያጥርበት ሰው ያስፈልገዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበርም ይህን ሰው ከመካከሉ ሊያወጣ ይችላል፤ ዕድርን ያቋቋመ ሕዝብ ለአንድ ሞተር ተጠያቂ ማቆም አያቅተውም።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ «ይህን ያህል ትራክተር ገባ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልን። ፋሻና ላይነሩ በቅርብ ከተማ ይሸጣል? መለኪያውን የሚያነብብ፣ የአገሩንም ከፍታ የሚያውቅ መካኒክ ሠልጥኗል? የቆሙት አሮጌዎቹስ ከመጣላቸው በፊት ተለክተዋል? ሦስቱም መልስ ካገኙ እኛም ከእናንተ ጋር እናጨበጭባለን። ካላገኙ ግን ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፣ ሹፌሩን አደራ በሉልን፤ ከአሁኑ ተዳፋት ይፈልግ።